ኢንጂነር ሆኖ ቆጣሪ መፍታት ያሳፍራል?

ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቋል፤ ከዓመት በላይ ሥራ ፈልጓል። አሁን አንድ የክልል ከተማ የውሃ አገልግሎት በቆጣሪ ጥገናና ፍተሻ ክፍል ሊቀጥረው ነው። አባቱ «ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩህ ቆጣሪ ልትፈታ ነው?» አሉት። አጎቱ ደግሞ የዱባይ ቪዛ እያፈላለጉለት ነው። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ እንግሊዝኛው ያሳስበዋል፣ እጮኛው አዲስ አበባ ናት።

ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ብዙ ነው። እኔ ግን የምቆየው የአባትህ ጥያቄ ላይ ነው። እኔም ሥራ የጀመርኩት እጄን ግራሶ እያስነካሁ ስለሆነ ለወርክሾፕ ባደላ አይግረምህ።

ሲመንስ የሚለውን ስም አባትህም ሳይሰሙት አይቀሩም። የጀርመን ወንድማማቾች ስም ነው። ከእነሱ አንዱ ካርል ቪልሄልም ነው፤ እንግሊዞች በኋላ ዊልያም አሉት። እናቱን በ1839፣ አባቱን በ1840 አጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ1843፣ 20 ዓመት ሳይሞላው፣ ታላቅ ወንድሙ ቨርነር ያገኘውን፣ ዕቃን በኤሌክትሪክ የመለበጥ ዘዴ ሊሸጥ እንግሊዝ ገባ። በርሚንግሃም ላለው የኤልኪንግተን ድርጅት ሸጠው። ከዚያ ነገሩ ጠመመበት። የእንፋሎት ሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ሞከረ፣ አዲስ የኅትመት ዘዴ ይዞ ዞረ። ገንዘቡን በሉት እንጂ አላበሉትም። መጨረሻ ላይ ፎክስ ሄንደርሰን በሚባል ድርጅት ደሞዝተኛ ሆነ።

ከዚህ ማጥ ያወጣው ምን ይመስልሃል? የውሃ ቆጣሪ። በ1851 ገደማ የሠራው ቆጣሪ አሠራሩ ቀላል ነው። ውሃው ከበሮ የመሰለ ነገር ውስጥ ይገባል፣ በጠመዝማዛ መውጫዎች ሲፈተለክ ከበሮውን ያሽከረክረዋል፣ ከበሮው የሚያዞራቸው ጥርሳም ጎማዎች ዙሩን ይቆጥራሉ። ያመረተው ሮዘራም ከተማ የነበረው ጌስት ኤንድ ክራይምስ የሚባል የነሐስ ዕቃ ፋብሪካ ነው። ይኸው ፋብሪካ ነው በ1845 ኤድዋርድ ክራይምስ የፈጠራ መብት ያወጣበትን፣ እየተጠመዘዘ የሚዘጋውን የቧንቧ መዝጊያ ያወጣው።

ሁለቱ ዕቃዎች ከአንድ ቤት መውጣታቸው አጋጣሚ አይመስለኝም። ያኔ የእንግሊዝ ከተሞች ውሃን በቀን ለጥቂት ሰዓት ከመልቀቅ፣ ቀንና ሌሊት በግፊት ወደ መልቀቅ እየዞሩ ነበር። ግፊቱ ሲበረታ የድሮው መዝጊያ አልቻለውም። ውሃው ሳይቋረጥ ሲመጣ ደግሞ ፋብሪካውና ጠማቂው ስንት እንደወሰደ መታወቅ ነበረበት። (መኖሪያ ቤቶች ለብዙ ዘመን የከፈሉት በቤታቸው ግምት ነው፤ ቆጣሪ አልነበራቸውም።) ማንም በማያወራለት ዕቃ ያ ፋብሪካ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ኖረ።

ሲመንስም ከቆጣሪው የሚያገኘው የፈጠራ ክፍያ ኪሱን አረጋጋለት። ያን ይዞ ነው ከወንድሙ ከፍሪድሪሽ ጋር ወደ ምድጃው ሥራ የገባው፤ የዓለምን የብረት አመራረት የቀየረው ምድጃ ማለት ነው። በ1883፣ በሞተበት ዓመት፣ «ሰር» ተባለ። ይህን ለአባትህ ንገራቸው።

ደግሞስ ሥራው መፍታት ብቻ ነው ያለው ማነው? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቧንቧው ባዶ ሲሆን አየር ይሞላዋል። ውሃ ሲለቀቅ አየሩ እየተገፋ ቆጣሪውን ያዞረዋል። «ንፋስ እየከፈልን ነው» የሚለው ደንበኛ ዝም ብሎ አያማርርም። ያረጀ ቆጣሪ ደግሞ በቀስታ የሚፈሰውን ውሃ ሳይቆጥር ያሳልፋል፤ እዚህ ከሳሪው መሥሪያ ቤቱ ነው። የቱ ይጠገን፣ የቱ ይጣል፣ የት ሰፈር ውሃ ይጠፋል? ይህን በቁጥር የሚመልስ ሰው ኢንጂነር ነው። ፍሰት መለካት የቻለን ሰው ቢራ ፋብሪካም፣ የነዳጅ ዴፖም ይፈልገዋል።

ገንዘቡን በተመለከተ አልዋሽህም። በዚያ ደሞዝ ኪራይ ከፍለህ፣ ለቤተሰብም በደንብ ልከህ አትዘልቀውም። ግን ያለ ሥራ በተቀመጥክበት ዓመት የላክኸው ስንት ነው? አጎትህ የሚያፈላልጉት ቪዛ ለምን ሥራ እንደሆነ ደብዳቤህ ላይ የለም። ጠይቃቸው። «እዚያ ስትደርስ ይታያል» ካሉህ፣ የሚያስቡት ስለ ድርሃሙ ነው፤ ስለ ዲግሪህ አይደለም። ለአባትህ «ሁለት ዓመት ይስጡኝ» በላቸው፤ በየወሩ የምትልከውን፣ ትንሽም ብትሆን፣ ቁርጡን ንገራቸው። «ሰው ምን ይላል» የሚሉትን ተዋቸው። ኪራይህን ሰው አይከፍልልህም።

እንግሊዝኛህ የቆጣሪዎቹን መመሪያ እያነበብክ ይሻሻላል። የእጮኛህን ነገር ከእሷ ጋር ጨርሰው፤ እኔ አያገባኝም።

ከመፈረምህ በፊት ግን ወርክሾፑን ሄደህ እየው። የቆጣሪ መፈተሻው ይሠራል ወይስ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል? የፍተሻ ውጤት የሚመዘገብበት መዝገብስ አለ? ካለ ግባ። መፈተሻው ተበላሽቶ ከሆነም ግባ፤ ማስጠገኑ ግን የሥራ ዝርዝርህ ላይ ይጻፍልህ።