ጠጠሩ አይደፈንም፣ ውሃው ከታች ከገባ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ አራት ዓመት ራሴን ያየሁ መሰለኝ። 3 በ4 የሆነች፣ 80 ሳንቲ የምትጠልቅ ኩሬ፤ ውስጧ ቆሮሶ ዓሣ፤ ውሃው የጎመን ቅቅል መስሏል። የማጣሪያ ስፖንጅ በየሳምንቱ ማጠብ ሰልችቶሻል። ጎረቤትሽ «ጠጠር ላይ ተክል ትከዪና ውሃውን በዚያ አሳልፊው» አለሽ፣ ባለቤትሽ ደግሞ «በስድስት ወር ይደፈናል» አለ። ማን ልክ ነው ብለሻል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እንደ አሠራሩ ነው።

እኔ ያለሁት ቢሾፍቱ ነው። የመጀመሪያውን የጠጠር ማጣሪያ ሠርቼ አፍርሼዋለሁ። ሁለተኛው ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

የመጀመሪያው ላይ ውሃውን ከላይ ነበር የለቀቅኩት። ሎጂኩ ቡና እንደማጥለል መስሎኝ። ቆሻሻው ሁሉ ከላይ ቀርቶ በጠጠሩ ላይ እንደ ጭቃ ቆዳ ሠራ፣ ውሃው መስረግ አቅቶት በጎን ሞልቶ ግቢውን አረጠበው። ባለቤትሽ የሰጋው ይሄን ነው። በሁለተኛው ዙር ቱቦውን ከጠጠሩ ሥር ቀበርኩት። ውሃው ከታች ይገባል፣ በጠጠሩ መሀል ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተንሸራቶ ወደ ኩሬው ይመለሳል። ከባዱ ቆሻሻ በራሱ ክብደት ታች ይቀራል፣ ከታች ደግሞ ማውጣት ይቻላል።

ስለ መጠኑ፦ የማጣሪያው ስፋት የኩሬው አንድ አምስተኛ ቢሆን አያሳፍርም። ያንቺ ኩሬ 12 ካሬ ስለሆነ 1 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል ይበቃል። ጠጠሩ 40 ሳንቲ ይጥለቅ። ይህ በድምሩ 1 ሜትር ኩብ ጠጠር ነው። ሻጩ ሙሉ አይሱዙ ካልወሰድሽ ሊልሽ ይችላል፤ ሰፈር ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ካለ ከእሱ ላይ ተካፈዪ።

የማጣሪያውን ግድግዳ በብሎኬት ከኩሬው ከንፈር ትንሽ ከፍ አድርጊው። ጂኦሜምብሬኑን፣ ውሃ የማያሳልፈውን ወፍራም ላስቲክ፣ ከኩሬው ጀምሮ ግድግዳውን አሻግረሽ እስከ ማጣሪያው ወለል ድረስ አንድ ወጥ አንጥፊ። ሁለት ቁራጭ አጣብቄ እሠራለሁ ብትዪ ውሃው የሚያመልጠው በዚያች መጋጠሚያ ነው፣ በኔ ደርሷል። ከሥሩም ከላዩም አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ጣይበት፣ ጠጠሩ እንዳይበሳው።

ቱቦው ባለ 50 ሚሊ ፒቪሲ ይሁን። በብረት መጋዝ በየ5 ሳንቲው፣ የቱቦውን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ቁረጪ። በመሰርሰሪያ ትንንሽ ቀዳዳ እንዳትበሺ፣ ቶሎ ይደፈናል። የተቆረጠውን ወገን ወደ ላይ አድርገሽ ወለሉ ላይ ዘርጊው። አሁን ብዙ ሰው የሚረሳት ነገር መጣች። የቱቦውን ጫፍ አትዝጊው። በጎሚቶ (በመታጠፊያው) ወደ ላይ መልሰሽ ከጠጠሩ በላይ አውጪውና በታፖ ክደኚው። በሌላኛው ወገን፣ ግድግዳው ሥር፣ ሳራቺኔስካ (መክፈቻና መዝጊያ) ያለው ማፍሰሻ አድርጊ። በዓመት ሁለቴ ታፖውን ከፍቼ የአትክልት ማጠጫ ጎማ እከትበታለሁ፣ ሳራቺኔስካውንም እከፍታለሁ። የሚወጣው ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚሸት ነገር ነው። ጎመኔ ሥር አፈሰዋለሁ። ጎመኑን ብታዪው!

ጠጠሩ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው የተበላሸብኝ ግማሹ በሱ ነው። ያኔ ከግንባታ የተረፈ 00 የሚሉትን ዱቄት የበዛበት ደቃቅ ጠጠር ነበር የሞላሁት። ዱቄቱ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሲሚንቶ ሆኖ ቁጭ አለ። የሚፈለገው ከ1 እስከ 2 ሳንቲ የሆነ፣ ዱቄት የሌለው ጠጠር ነው። እኛ ጋ ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ሬድ አሽ የምንለው፣ እንደ ልብ ይገኛል፤ ሁለተኛውን የሠራሁት በሱ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ለባክቴሪያ የሚመች ቤት አለው፣ ለመሸከምም ቀላል ነው። ግን ማጠብ ግድ ነው። በባሬላ እየጫንኩ፣ በወንፊት እያበጠርኩ፣ ቀይ ውሃ ሲወርድ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሄደ። የምትገዢው ሌላ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ አንዷ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጊባት። ከፈላች የኖራ ድንጋይ ነች፣ ተያት። ኖራ የውሃውን ፒኤች ከፍ ያደርጋል፤ ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ አሞኒያ፣ ዓሣው ራሱ የሚያወጣው መርዝ፣ ዓሣው ላይ ይበረታል።

አሞኒያ ካነሳሁ አይቀር። ዓሣው አሞኒያ ያወጣል። ጠጠሩ ላይ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱን ተክልም ይበላዋል፣ ያ ኩሬሽን አረንጓዴ ያደረገው አልጌም ይበላዋል። ስለዚህ የምትሠሪው የአልጌውን ምሳ የሚቀማ ነገር ነው። ከዚህ የሚከተለውን ልብ በዪ፦ የተከልሽውን ካላጨድሽ ቅጠሉ እዚያው ወድቆ ይበሰብስና የበላውን መልሶ ይተፋዋል። ማጨድ የማጣሪያው ሥራ አካል ነው።

ለዚህ እንደ ቄጠማ የሚመች አላየሁም። ቶሎ ይበቅላል፣ ሥሩ ጠጠሩን አይገፋም፣ አጫጁ ደግሞ ራሱ ይመጣል። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ቄጠማ አለ?» እያለ በሬን ያንኳኳል። ከሱ ጎን ሴትአኩሪ ተክያለሁ፣ አበባው ቀይ ነው፣ ሚስቴን ያሳመናትም እሱ ነው። ጎደሬም ሸጋ ይሆናል፤ ስታጭጂው ግን ጓንት አድርጊ፣ ያሳክካል። ጠርዙ ላይ ናና። ደንገል የምትወጂ ከሆነ አንድ ግንድ ብቻ፤ ከሰው ቁመት በላይ ሄዶ ነፋስ ሲመታው ይጋደማል። ፊላን ግን አደራ! የሥሩ ጫፍ ሹል ነው፣ ጂኦሜምብሬን ይበሳል። እምቦጭን ደግሞ «ውሃ ያጠራል» የሚልሽ ይኖራል። ማጥራቱን ያጠራል። ግን ቆቃን ወይ ጣናን ያየ ሰው ግቢው አያስገባውም።

ስትተክዪ ሥሩን ከአፈር ሙልጭ አድርገሽ እጠቢው፣ ራቁቱን ጠጠር ውስጥ ቅበሪው። አፈርም ማዳበሪያም የለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቢገረጣ አትደንግጪ። ማጣሪያውና ኩሬው በግድግዳ መለየታቸውም ለዚህ ይጠቅማል፤ ቆሮሶ ለስላሳ ሥር ካገኘ አይምርም።

ፓምፑ የኩሬውን ውሃ በሁለት ሰዓት አንዴ ቢያዞረው ጥሩ ነው። ጎኑ ዘንበል ስለሚል ያንቺ ኩሬ 8,000 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ በሰዓት 4,000 ሊትር ያስፈልግሻል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ውሃውን ሽቅብ ሳይገፋ ነው፤ አዲስ የምትገዢ ከሆነ ከፍ ያለውን ግዢ። የኔ 60 ዋት ነው፣ ቀን ከሌት ሲሠራ በወር 43 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል።

ከዚያ ትዕግሥት። ባክቴሪያዎቹ እስኪሰፍሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በሦስተኛው ሳምንት ውሃዬ ከድሮው ብሶ አረንጓዴ ነበር፣ ላፈርሰው ምንም አልቀረኝም። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስወጣ ልጄ ከወራት በፊት የጣላት የሻይ ማንኪያ ኩሬው ወለል ላይ ታየችኝ። በዚያ ጊዜ መሀል ዓሣ አትጨምሪ፣ ምግብም ቀንሺ። የቧንቧ ውሃ ስትጨምሪም በሮቶ አሳድሪው፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውንም ዓሣውንም ይጎዳል።

አንድ ያስከፈለኝን ልንገርሽ። መብራት ወደ ሁለት ቀን ጠፍቶ ሌሊት መጣ። ፓምፑ በራሱ ተነሳ። ጠጠሩ ውስጥ ኦክስጅን አልቆበት የቆመው ውሃ በሙሉ ኩሬው ውስጥ ገባ። ጠዋት ግቢው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሰባት ቆሮሶ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። አሁን መብራት ግማሽ ቀን ካለፈ የፓምፑን ሶኬት እነቅላለሁ። ሲመጣ መጀመሪያ ሳራቺኔስካውን ከፍቼ ያደረውን ውሃ አፈሰዋለሁ፣ ከዚያ ነው የማስነሳው።

ትንኝ ይፈላል ወይ ላልሽው፣ የውሃውን ልክ ከጠጠሩ ፊት 2 ሳንቲ ዝቅ አድርጊው። ላዩ ደረቅ ከሆነ ትንኟ እንቁላል የምትጥልበት ቦታ የላትም። ኩሬው ውስጥ ያለውን ዓሣው ይጨርሰዋል።

ፓምፕ አለኝ ብለሽ የለ? ጠጠሩን ከማዘዝሽ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሺና ላኪልኝ።