ከራሱ ላይ የሚበነው ነጭ ነገር ምንድነው?

ጥያቄ፦ ካናዳ ያለችው እህቴ የኳክዋካዋክ ሕዝቦችን (የካናዳ ምዕራብ ጠረፍ ነባር ሕዝቦች ናቸው) ጭፈራ ቪዲዮ ላከችልኝ። ጨፋሪው ግንባሩ ላይ ከእንጨት የተቀረጸ ፊት አስሯል፤ ራሱን በነቀነቀ ቁጥር ነጭ ነገር ይበናል። ምንድነው? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ሰላም የደሴዋ! የንስር ላባ ነው፤ ከሥር ያለው ለስላሳው። እናቶቻችን ጥጥ ሲነድፉ የሚበነውን አስቢ፣ ልክ እንደዚያ ነው። አናቱ ላይ የባሕር አንበሳ ጢም እንደ አጥር ዙሪያውን ይቆማል፣ ላባው መሃሉ ይሞላል፣ ከዚያ ጨፋሪው ሲነቀነቅ እየበነነ ሰው ላይ ያርፋል። የሰላም ምልክት ነው፤ እኔ በጣም የምወደው ይህንን ነው። የተቀረጸው ፊት ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ መለያ ሲሆን ዙሪያው በሚያብለጨልጭ ዛጎል ይዋባል። ከኋላ ነጭ የአውሬ ቆዳ ይወርዳል።

ታዲያ የካናዳ መንግሥት እነዚህ ጭፈራዎች የሚቀርቡበትን ድግስ ከ1885 እስከ 1951 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክሎ ነበር! በ1921 ከተደገሰ ትልቅ ድግስ በኋላ ሰው ታሰረ፣ ጭምብሉም ሌላውም ዕቃ ተወረሰ። ያሳዝናል። ብዙው ግን ተመልሷል፤ እዚያው ምዕራብ ካናዳ፣ አለርት ቤይ በምትባል መንደር በ1980 የተከፈተው ኡሚስታ የባህል ማዕከል ውስጥ ይገኛል። እህትሽ ከቀናት ሄዳ ትየው።