ረጅም በረራና የእግር ደም መርጋት፦ ፋርማሲስቱን ጠይቁ

ሰላም፦ እናቴ 67 ዓመታቸው ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ሊመለሱ ነው። ያሰጋቸዋል ዶክተር?

ፋርማሲስቱ፦ ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። ከ4 ሰዓት በላይ የሆነ ጉዞ ደም የመርጋት ዕድሉን እጥፍ ገደማ ያደርገዋል። ያም ሆኖ በጤነኛ ጎልማሶች ከ6,000 በረራ አንድ ያህል ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ከፍ ይላል። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና፣ ካንሰር ወይም ከዚህ በፊት የረጋ ደም ካለባቸው ሐኪም ሳያያቸው አይብረሩ። ከሌለባቸው መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ያዢላቸው፤ መስኮት ዳር የተቀመጠ ሰው አይነሳም። ከገቡ በኋላም እስከ 8 ሳምንት አንድ እግራቸው ብቻ ካበጠ ወደ ሆስፒታል። ወጌሻ አይሸው!

ተጓዡ፦ ለበረራ የሚሸጠው እግር አጥባቂ ካልሲ ይሠራል ወይስ ንግድ ነው?

ፋርማሲስቱ፦ ይሠራል፤ በልኩ ከተገዛ። ከጉልበት በታች የሚቀር፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ከ15 እስከ 30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚጫን፣ ወደ ላይ እየላላ የሚሄድ መሆን አለበት። በጫማ ቁጥር አትግዙ። ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ፣ በሜትር ለኩ፦ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን ቀጭን ቦታ፣ የባትን ወፍራም ቦታ፣ ከወለል እስከ ጉልበት እጥፋት ያለውን ርዝመት። ሦስቱን ካሸጊያው ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩ። ሲለበስ እስከ ተረከዙ ይገለበጣል፣ እግር ይገባል፣ ከዚያ ቀስ እየተባለ ይሳባል። ሽብሽብ አይቅር። ረዘመ ብላችሁ አፉን ከጠቀለላችሁት ግን እንደ ገመድ አስራችሁት፤ ደሙ እዚያው ይታገዳል። አፉ ላይ ብቻ የሚያጠብቅ ተራ ካልሲም ያው ነው። የደም ቅዳ ጥበት ያለበት ወይም በስኳር እግሩ የደነዘዘ ሰው ሳያስመረምር አያድርግ።

ሀና፦ አስፕሪንስ?

ፋርማሲስቱ፦ ለጉዞ ብቻ ተብሎ አይወሰድም። ጨጓራ ያደማል። ለልብ የታዘዘለት አያቋርጥ።

እማማ ጓዳ፦ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ደም ያቀጥናል፤ ምን መድኃኒት ያስፈልጋል?

ተጓዡ፦ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚታዘዝ ክኒን) ለሚወስድ ሰውም ትመክሪያለሽ?

እማማ ጓዳ፦ ምግብ ነው እኮ! ይልቅ ጎመን ነው ዋርፋሪንን የሚያበላሸው ይባላል።

ፋርማሲስቱ፦ የጎመኑ እውነት ነው፤ ደም እንዲረጋ የሚረዳ ቫይታሚን ኬ አለው። መፍትሔው መተው ሳይሆን መጠኑን አለመቀያየር ነው። ጾም ሲገባ ጎመን ድንገት ከበዛ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳይ ምርመራ) ይለካ። ወጥ ውስጥ ያለ ነጭ ሽንኩርት ግን ለበረራ መከላከያ አይሆንም። ወደ ርዕሳችን።

ሄለን፦ ከወለድኩ 5 ሳምንቴ ነው። መብረር እችላለሁ?

ፋርማሲስቱ፦ እስከ 6 ሳምንት ያለው ጊዜ ዋናው አስጊ ወቅት ነው። ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ ሊያዝልሽ ይችላል። ከሰው የተረፈ መርፌ እንዳትወጊ።

ዳዊት፦ አውሮፕላን ውስጥ የሚሠራ ስፖርት አለ? አስፕሪንስ?

ፋርማሲስቱ፦ አስፕሪን ከላይ ተመልሷል፤ አንብብ። ስፖርቱ፦ ተረከዝ መሬት ይዞ ጣትን ማንሳት፣ ከዚያ ጣት መሬት ይዞ ተረከዝን። ባት ሲኮማተር ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። በየ2 ሰዓቱ ተነሥቶ መራመድ። የእንቅልፍ ክኒንና መጠጥ ይቅር። ቦርሳ እግር ሥር አታስቀምጡ፤ መዘርጊያ ያሳጣል።

አቤል፦ እግሬ ያብጣል፣ ምን ላድርግ?

ፋርማሲስቱ፦ አንዱ ወይስ ሁለቱ? ከመቼ ጀምሮ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

አቤል፦ ግራው ብቻ። ከትናንት ወዲያ ከቶሮንቶ ገባሁ። ባቴን ያመኛል። ወጌሻው ለነገ ቀጥሮኛል።

ፋርማሲስቱ፦ ወጌሻው ይቅርብህ። እግርህን ማንም አይንካው፤ የረጋው ተቆርጦ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ዛሬውኑ የእግር ዶፕለር አልትራሳውንድ (በደም ሥር ውስጥ ያለውን ፍሰት የሚያሳይ ምርመራ) ያለበት ሆስፒታል ሂድ። ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ስትተነፍስ ደረትህን ከወጋህ ወረፋ አትጠብቅ፤ ድንገተኛ ክፍል ግባ።