አስቀድመው ይጫወቱ፣ ማብራሪያው ይከተል

የሮማንቲክ ዘመን (በዋናነት የ19ኛው ክፍለ ዘመን) የፒያኖ ሙዚቃን ለአጠቃላይ ታዳሚ ሲያቀርቡ ሰው በገለጻው መሃል የሚሰለችብዎት ከሆነ፣ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፦ መጀመሪያ ይጫወቱ፣ ከዚያ ይናገሩ።

በ1839 እ.ኤ.አ. ከታተሙት የፖላንዳዊው አቀናባሪ የሾፓን 24 ፕሪሉዶች (አጫጭር የፒያኖ ድርሰቶች) በአራተኛው ይጀምሩ፤ አጭር ነው። ሲጨርሱ የግራ እጁን ብቻ በዝግታ ይድገሙት፤ ኮርዶቹ (በአንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች) በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በፒያኖው ላይ ወደሚቀጥለው ቅርብ ቁልፍ፣ እየተንሸራተቱ ሲወርዱ በግልጽ ይሰማል። ቀጥሎ የቀኝ እጁን ዜማ ብቻ ያሰሙ፤ በሁለት አጎራባች ድምፆች መካከል ሲመላለስ ይቆያል። ሐዘኑ ከየት እንደሚመጣ ታዳሚው በገዛ ጆሮው ያገኘዋል። ያኔ ሙሉውን እንደገና ይጫወቱለት።

የሕይወት ታሪኩን ግን ያሳጥሩ። የሾፓንን የሳንባ ሕመም አስቀድመው ከተረኩ፣ አድማጭ በየኖታው ሳል መፈለግ ይጀምራል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ሲጠየቁ ይጨምሩበታል።