«አቨር»፦ አረጋገጠ ወይስ ተናገረ?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ለወገኖቻችን የፍርድ ቤት ወረቀት እተረጉማለሁ። አንድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የክስ ማመልከቻ ላይ ተከራዩ ከሳሽ ጣሪያው ለ3 ወር ያፈስ እንደነበር «አቨርስ» (avers፣ «አቨር» ከሚለው ግሥ) ይላል። መዝገበ ቃላቴ «አረጋገጠ» ብሎ ፈታው። እንዲሁ ልጻፈው?

መልስ፦ አይጻፉት። «አረጋገጠ» አስረግጦ ተናገረ ማለትም ነው፣ አጣርቶ እውነትነቱን አወቀ ማለትም ነው። አንባቢው ሁለተኛውን ከያዘ፣ ምስክር ሳይሰማ የጣሪያው ነገር ያለቀለት ይመስለዋል። አቨር ግን እውነት ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር እንጂ ማስረጃ ታይቷል ማለት አይደለም። «ከሳሽ ጣሪያው ለ3 ወር ያፈስ እንደነበር ይገልጻል» ይበቃል፤ ጥንካሬው እንዲሰማ ከፈለጉ «አስረግጦ ይናገራል» ይበሉ።

የሚያሳስተው ሥሩ ይመስለናል። በላቲን «ቬሩስ» እውነተኛ ማለት ነው፤ ማጣራት የሚለው ቬሪፋይም የተገኘው ከዚያው ነው። አሌጅ (allege፣ ገና ያልተረጋገጠ ነገር ነው ብሎ መናገር) ሌላ ነው፤ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ «እሱ ብሏል፣ እኛ የለንበትም» ዓይነት ጥርጣሬ አለው። አቫው ደግሞ የራስን እምነት ወይም ስሜት በግልጽ ማውጣት ነው፤ የሰው ጣሪያ ማፍሰሱን አቫው የሚያደርግ የለም።

ሲያነቡት ጉልበቱን «ቨር» ላይ ይጣሉ፤ መጀመሪያው ላይ ከጫኑ «ኤቨር» ሆኖ ይሰማል። ብዙ ሰው የሚስተው አጻጻፉን ነው። በኃላፊ ጊዜና በ«ኢንግ» መጨረሻ «አር» ፊደል ይደገማል፤ አቨርስ እና አቨርመንት (averment፣ በአቨር የተነገረው ነገር) ላይ ግን አንድ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ «ዛት» ይከተለዋል። «ዳኛውን አቨር አደረገ» የሚል አገባብ ግን የለውም፤ ሰሚው ከተጠቀሰ «ቱ» መግባት አለበት።

እርስዎ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ቢተዉት ይሻላል። የስኮትላንድ ፍርድ ቤቶች አቨርመንትን ዛሬም በሥራ ላይ ያውሉታል፤ የአሜሪካ ፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦች ግን በ2007 እ.ኤ.አ. ቋንቋቸው ሲታደስ በአሌጌሽን (የአሌጅ ስም) ተክተውታል። በፌዴራል ሕግ ምዕራፍ 28 ቁጥር 1746 መሠረት፣ ቃለ መሐላ ሳይፈጽሙ በሐሰት ብናገር ልቀጣ ብለው ለሚፈርሙት መግለጫም ከተዘረዘሩት ግሦች ውስጥ አቨር የለም። «ዲክሌር» ይበሉ፤ ቀኑን ጽፈው ይፈርሙ። የሚፈርሙት ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ «በአሜሪካ ሕግ መሠረት» የሚለውን ሐረግ መጨመር አይርሱ።