ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ውሃውን እያፈላሁ ነበር ለልጄ የምሰጠው፤ የጎዳሁት እኔ ነኝ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ከ2013 እስከ 2016 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ፍሊንት በምትባል ከተማ ኖሬያለሁ። የመጀመሪያ ልጄ የተወለደው እዚያው በፌብሩዋሪ 2014 ነው። ጡቴ በቂ ወተት ስላልነበረው የዱቄት ወተት በቧንቧ ውሃ እየበጠበጥኩ ነው ያሳደግኩት። ውሃው ቡናማ ሆኖ ይመጣ ስለነበር ሁልጊዜ አፈላው ነበር። አሁን ልጁ 11 ዓመቱ ነው። አስተማሪዎቹ «ትኩረት የለውም» ይሉኛል። በቅርቡ ውሃው ውስጥ ሊድ (እርሳስ) እንደነበረና ማፍላት እንደሚያባብሰው ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የጎዳሁት እኔ ነኝ? አሁን ቢመረመር ይታወቃል? ይህን ያደረጉት ሰዎችስ ተጠየቁ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ አይደለም። ልጅዎን የጎዱት እርስዎ አይደሉም። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ልጃቸው ታሞባቸው የሚመጡ እናቶች ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ «ምን አድርጌው ይሆን?» ይሉኛል። ስለዚህ ጥያቄዎ ለእኔ አዲስ አይደለም። የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በመንግሥት ሰነድ ላይ ተጽፎ እያለ እርስዎ ሌሊቱን ሙሉ ራስዎን መክሰስዎ ነው።

መጀመሪያ ማፍላቱን እንየው። የሚያጠራጥር ውሃ ሲመጣ አፍልቶ መስጠት ትክክለኛ የእናት ሥራ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል። እንዲያውም በኦገስትና በሴፕቴምበር 2014 ውሃው ውስጥ ባክቴሪያ ስለተገኘ ከተማዋ ራሷ ነዋሪውን «አፍልታችሁ ጠጡ» ብላ ነበር። እርስዎ የተባሉትን ነው ያደረጉት።

ሊድ ግን ጀርም አይደለም። በአማርኛ እርሳስ የምንለው፣ የሕፃናትን አንጎል የሚጎዳ ብረት ነው። ብረት ቢፈላ አይሞትም፣ በእንፋሎትም አይወጣም። ውሃው ተንኖ ሲቀንስ ሊዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የሰሙት ነገር እውነት ነው። ጥቂት ደቂቃ የፈላ ውሃ ላይ የሚጨምረው ግን ትንሽ ነው። ችግሩ ሊዱ መጀመሪያውኑ ውሃው ውስጥ መኖሩ ነው። ያንን ደግሞ በዓይንዎ ሊያዩት አይችሉም ነበር። ሊድ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ምላሱ ላይም አይታወቅም። ያዩት ቡናማ ነገር የብረት ዝገት ነው።

እንዴት ገባ? ከወንዙ አይደለም፣ ከቧንቧው ነው። በአሮጌ ከተሞች ከዋናው መስመር ወደ ቤት የሚገባው ቧንቧ ብዙ ጊዜ ከሊድ የተሠራ ነው። ፍሊንት ለዓመታት ውሃዋን የምትገዛው ከዲትሮይት ነበር። የዲትሮይት ውሃ ውስጥ ፎስፌት ይጨመራል። ፎስፌቱ የቧንቧውን የውስጥ ግድግዳ እንደ ቀለም ቅብ ይሸፍነዋል፣ ውሃውና ሊዱ አይገናኙም። ኤፕሪል 25 ቀን 2014 ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ ከተማዋ ወደ ፍሊንት ወንዝ ተዛወረች። የወንዙ ውሃ ክሎራይድ ስለሚበዛበት ብረት ይበላል። ፎስፌቱን የጨመረ ግን አልነበረም። ሽፋኑ እየተላጠ ሄደ፣ ሊዱ ወደ ቧንቧ ውሃው፣ ከቧንቧውም ወደ ልጅዎ ጡጦ ገባ። ያኔ ልጅዎ የሁለት ወር ሕፃን ነበር።

ይህን ማን ወሰነ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሚያስተኛዎት ይኼኛው መልስ ይመስለኛል።

እርስዎ የመረጡት ሰው አይደለም የወሰነው። ፍሊንት ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ያላት፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር የሆነ፣ ከአሥር ሰው አራቱ በድህነት የሚኖርባት ከተማ ነበረች። በጀቷ ስለተራቆተ ከ2011 ጀምሮ የግዛቱ ገዥ ሪክ ስናይደር በየተራ የአደጋ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ ይሾሙላት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከከንቲባውም ከምክር ቤቱም በላይ ነው። የሚሺጋን ሕዝብ ለሥራ አስኪያጅ ይህን ሥልጣን የሚሰጠውን ሕግ በኖቬምበር 2012 በድምፁ ሽሮት ነበር። በቀጣዩ ወር የግዛቱ ሕግ አውጪ ተመሳሳይ ሕግ መልሶ አወጣ። በዚህ ጊዜ ሕዝብ በድምፅ ሊሽረው እንዳይችል አድርጎ ነው የጻፈው። ማርች 2015 ላይ የፍሊንት ምክር ቤት 7 ለ 1 በሆነ ድምፅ ወደ ዲትሮይት ውሃ እንመለስ አለ። ሥራ አስኪያጁ አልቀበልም አሉ። በዚሁ አለቀ። የከተማዋ ሰው ውሃውን ይጠጣል እንጂ በውሃው ላይ ድምፅ አልነበረውም።

ፎስፌቱን ያላስጨመረው ደግሞ የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ሕጉን «መጀመሪያ ለሁለት ስድስት ወራት ውሃውን እንለካ፣ ከዚያ እናያለን» ብሎ ተረጎመው። አንድ ዓመት መሆኑ ነው። ለአዋቂ አንድ ዓመት ያልፋል። ጡጦ ለሚጠባ ሕፃን ግን አንጎሉ በፍጥነት የሚሠራበት ጊዜ ያ ነው። ሕፃን የዋጠውን ሊድ እስከ ግማሽ ያህሉን ወደ ሰውነቱ ያስገባል፣ አዋቂ ግን ከአሥር አንዱን ያህል ብቻ ነው።

ምልክት ጠፍቶ አልነበረም። በኦክቶበር 2014 የጄኔራል ሞተርስ የመኪና ሞተር ፋብሪካ ውሃው የሞተር ክፍሎቹን ስላዛገበት የከተማዋን ውሃ መጠቀም አቆመ። በጃንዋሪ 2015 ፍሊንት ባለው የግዛቱ መሥሪያ ቤት ሕንፃ ውስጥ ለሠራተኞች ሌላ የመጠጥ ውሃ ገባ። ብረቱ ዳነ፣ ሠራተኛውም ንጹሕ ውሃ ጠጣ። እርስዎ ቤት ግን ያው ቧንቧ ነበር። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

በዚያ መሃል ዝም ያላሉ ሰዎች ነበሩ። አንዲት የአራት ልጆች እናት ቤቷ ውሃ እንዲለካ አስገደደች። ውጤቱን ይዞ አንድ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ በጁን 2015 ለአለቆቹ ማስጠንቀቂያ ጻፈ፣ የሰማው ግን አልነበረም። የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነዋሪዎችን ውሃ መረመሩ። በሴፕቴምበር 2015 ደግሞ የሕፃናት ሐኪሟ ሞና ሃና አቲሻ የሆስፒታል መዝገብ አገላብጣ ወጣች። ከ5 ዓመት በታች ከነበሩት ሕፃናት ደማቸው ውስጥ ከፍ ያለ ሊድ የተገኘባቸው ከ2.4 ወደ 4.9 በመቶ አድገዋል። የግዛቱ ባለሥልጣናት መጀመሪያ አጣጣሏት። ከቀናት በኋላ የራሳቸው መዝገብ ያንኑ ስላሳየ አመኑ። ኦክቶበር 16 ቀን 2015 ውሃው ወደ ዲትሮይት ተመለሰ። 18 ወር ገደማ መሆኑ ነው። በዚያው ጊዜ ሌጂዮኔርስ የሚባል ከውሃ የሚመጣ ከባድ የሳንባ ምች ገብቶ ቢያንስ 12 ሰው ገድሏል።

ተጠየቁ ወይ ላሉኝ፣ መልሱ ግማሽ ነው። ገዥው ራሳቸው ያቋቋሙት አጣሪ ቡድን በማርች 2016 ዋናው ኃላፊነት የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው አለ፣ የአደጋ ጊዜ ሥራ አስኪያጆቹንም፣ የገዥውን ቢሮም አልዘለለም። የሚሺጋን የሲቪል መብቶች ኮሚሽን በ2017 ከጀርባው ሥር የሰደደ የዘር መድልዎ እንዳለ ጻፈ። በ2021 ፍርድ ቤት 626 ሚሊዮን ዶላር የካሳ ስምምነት አጸደቀ፣ ትልቁ ድርሻ ያኔ ከ6 ዓመት በታች ለነበሩ ልጆች ነው። ስናይደር በ2016 ይቅርታ ጠይቀዋል። በጃንዋሪ 2021 ሆን ብሎ ግዴታን ባለመወጣት ተከሰሱ። በ2022 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክሱ የተመሠረተበት መንገድ ልክ አይደለም ስላለ የእሳቸውም የሌሎቹም ክስ ወደቀ፣ በ2023 ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ዘጋ። እስር ቤት የገባ የለም። ይህ እኔንም ያንገበግበኛል። ፍርድ ቤት ባይፈርድባቸውም ውሳኔው የተላለፈው በእነሱ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በእርስዎ ምድጃ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ልጁ።

ዛሬ ደሙን ብናስመረምር ያኔ የጠጣውን አይነግረንም። ደም ውስጥ ያለ ሊድ በወር ገደማ ግማሹ ይቀንሳል። የቀረው አጥንት ውስጥ ገብቶ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል፣ ሰውነት ካልሲየም እየመሰለው ነው የሚያስገባው። (ወደፊት ከፀነሱ ይህን ለሐኪምዎ ይንገሩ። በእርግዝና ጊዜ ከአጥንት ሊወጣ ይችላል።) የሚጠቅመው የድሮ ውጤት ነው። ብዙ የፍሊንት ሕፃናት በ1 እና በ2 ዓመታቸው፣ ወይም በ2016 መጀመሪያ ላይ ተመርምረዋል። የያኔውን ክሊኒክ መዝገቡን ይጠይቁ። ያኔ «ከፍ ያለ» የሚባለው በዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራም ሲሆን ነበር፣ አሁን 3.5 ነው።

ቁጥሩ ባይገኝም አይደንግጡ። በዚያ ጊዜ ከመቶ ሕፃን 95ቱ ከ5 በታች ነበሩ። ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የሊድ መጠን የለም፣ ይህን አልሸፍንልዎትም። ግን ትኩረት የሚያሳጣ ሌላም ብዙ ነገር አለ። ዓይኑ፣ ጆሮው፣ እንቅልፉ፣ የአይረን እጥረት። እነዚህን ሁሉ ሳያዩ «ሊድ ነው» ብሎ መደምደም ለልጁ አይበጀውም። ሊዱ ነው አይደለም ብዬ ከዚህ ሆኜ ልነግርዎት አልችልም። ደስ የሚለው፣ እርዳታው በሁለቱም መንገድ አንድ ነው።

ትምህርት ቤቱን «ልጄን ገምግሙልኝ» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ቀን ተደርጎበት። አሁንም አሜሪካ ካሉ፣ ሕጉ በነፃ እንዲገመገም መብት ይሰጠዋል። የ11 ዓመት ልጅ አንጎል ገና እየተሠራ ነው። ሊድ ያጥባል ተብሎ የሚሸጥ መድኃኒት ከየትም እንዳይገዙ። ሊድ የሚያወጣው እውነተኛው መድኃኒት ደም ውስጥ ያለው መጠን 45 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ብቻ በሐኪም የሚሰጥ ነው፣ አለዚያ ራሱ ይጎዳል። ፍሊንትን ለቀው ቢወጡም ፍሊንት ሬጅስትሪ በተባለው መዝገብ መመዝገብ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ፣ ልጆችን ከአገልግሎት ጋር ያገናኛል። በፍርድ ቤት ትእዛዝ የከተማዋ የሊድ ቧንቧዎች፣ 11 ሺህ ገደማ፣ ተነቅለው ሥራው ያለቀው በ2025 ነው። አሁን ያሉበት ቤት አሮጌ ከሆነ ውሃውን ያስለኩ፤ እስከዚያ ለመጠጥና ለምግብ ቀዝቃዛውን ውሃ፣ ሊድን አጣርቶ እንደሚያስቀር የተመሰከረለት ማጣሪያ ገጥመው ይጠቀሙ።

ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ ይህን በወረቀት ይዘው ይሂዱ፦ «ልጄ ከኤፕሪል 2014 እስከ ኦክቶበር 2015 ፍሊንት ነበር። በቧንቧ ውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ይጠጣ ነበር። ውሃው ይፈላ ነበር።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይዝለሏት። ሐኪሙ ሊያውቃት ይገባል፣ እርስዎም ለማንም ሊደብቋት አይገባም። የድሮው ክሊኒክ ውጤቱን ካገኘው ቁጥሩን ይላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።