ላፕቶፑ በየጊዜው ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ላፕቶፕ መጠገን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከሁሉም በላይ የምሰማው ቅሬታ ይሄ ነው፦ «ሥራ ላይ እያለሁ ድንገት ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና ራሱን ሪስታርት ያደርጋል።» ስለዚህ የቸገራችሁን ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። በቅድሚያ ግን አንድ ልመና አለኝ። ላፕቶፑ ዛሬ የሚነሳላችሁ ከሆነ፣ ሌላ ነገር ሳትነካኩ አስፈላጊ ፋይሎቻችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ነገ ላይነሳ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣ ላፕቶፑ አለቀለት ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም። ከርነል የሚባለው የዊንዶውስ እምብርት ሊያልፈው የማይችል ስህተት ሲገጥመው ሆን ብሎ ሁሉንም ነገር ያቆማል። ዝም ብሎ ቢቀጥል ፋይሎቻችሁን ሊያበላሽ ይችላላ! አንዴ መጥቶ ከጠፋ ብዙም አትጨነቁ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት። በነገራችን ላይ ማይክሮሶፍት በ2025 የዊንዶውስ 11ን ስክሪን ወደ ጥቁር ቀይሮታል። ቀለሙ ይለወጥ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ጥያቄ፦ የሚጽፈውን አንብቤ ሳልጨርስ ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስታርት ላይ «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ብለህ ፈልግ። «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» የሚለው ውስጥ ገብተህ «ኦቶማቲካሊ ሪስታርት» የሚለውን ምልክት አንሳው። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቅሃል፣ በስልክህ ፎቶ አንሳው። ያለፈውም ቢሆን አልጠፋም። ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ሚኒደምፕ» የሚባል ፎልደር አለ፣ የእያንዳንዱ ብልሽት መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይቀመጣል።

እኔ ግን መጀመሪያ የምከፍተው «ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ» የሚባለውን ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለ ነገር ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው አያውቀውም። የትኛው ቀን ምን እንደተጫነ፣ የትኛው ቀን ምን እንደተበላሸ በተርታ ያሳያል። ችግሩ የጀመረበትን ቀን ፈልግና ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ምን እንደገባ እይ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ ሰማያዊው ስክሪን ላይ የሚወጣው የስህተት ኮድ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ይላል። አዲስ ራም ልግዛ?

መልስ፦ ገና ነው፣ አትግዛ። ራም ማለት ላፕቶፑ ሥራ ላይ እያለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ ነው። ኮዱ የሚነግርህ የወደቀውን ነው፤ ማን እንደገፋው አይነግርህም። የተበላሸ ድራይቨርም (ዊንዶውስን ከላፕቶፑ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) የሌላውን የሜሞሪ ቦታ ረግጦ ይሄንኑ ኮድ ሊያወጣ ይችላል። አንድ ደንበኛዬ ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ጊዜ ራም ገዝቷል። ጥፋተኛው የዋይፋይ ድራይቨር ነበር። ያ ገንዘብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፈትሽ። ሜምቴስት 86 የሚባለውን ራም የሚፈትሽ ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጫንና ላፕቶፑን በዚያ አስነሳው። 4 ዙር እስኪጨርስ ተወው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። አንድም ስህተት መታየት የለበትም። «አንዲት ብቻ ናት» ተብሎ አይታለፍም።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ በመጣ ቁጥር ኮዱ የተለያየ ነው።

መልስ፦ ይሄ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው። ኮዱ ሁሌ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ አብሮትም የአንድ ፋይል ስም የሚመላለስ ከሆነ ድራይቨርን እጠረጥራለሁ። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ከሆነ ግን ሐሳቤ ወደ ሃርድዌር ይሄዳል። መጀመሪያ የምፈትሸውም ራሙን ነው።

የሚኒደምፕ ፋይሎቹን ዊንዲቢጂ በሚባለው የማይክሮሶፍት የብልሽት መመርመሪያ ፕሮግራም ከፍተህ ማየት ትችላለህ፣ ነፃ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል። ጥፋተኛው «ኤንቲኦኤስ ከርነል» ነው ካለህ አትመነው። እሱ ራሱ ዊንዶውስ ነው፣ ብልሽቱ የታየው እሱ ላይ ስለሆነ ብቻ ስሙ ይነሳል። «ዊያ አንኮሬክተብል ኤረር» የሚል ከመጣ ደግሞ ስህተቱን ያሳወቀው ሃርድዌሩ ራሱ ነው። ፕሮሰሰሩን ከፍጥነቱ በላይ እንዲሠራ አድርገኸው ከሆነ ወደ ነበረበት መልሰው።

ጥያቄ፦ የልጄ ላፕቶፕ ጌም ሲከፍት ብቻ ነው የሚጠፋው። ሙቀት ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ግን ላፕቶፕ በጣም ሲግል ብዙ ጊዜ ምንም ሳይጽፍ ድርግም ብሎ ነው የሚጠፋው። ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ «ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር» ካለ የግራፊክስ ድራይቨሩን ይጠርጥሩ። ግራፊክሱ በ2 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠ ዊንዶውስ ሊያነሳው ይሞክራል፣ ካልተሳካለት ነው ያ ጽሑፍ የሚመጣው። ድራይቨሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ያወረዱትን ይጫኑ። «ድራይቨር አዘምንልሃለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞችን ግን እባክዎ አያስገቡ። ፋኑንም ከአቧራ ያስጠርጉለት፣ አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ቫይረስ ይሆን እንዴ?

መልስ፦ አልፎ አልፎ ነው። ይልቅ ሁለት አንቲቫይረስ አብሮ ተጭኖ ከሆነ አንዱን አውጣ።

ጥያቄ፦ «ክሪቲካል ፕሮሰስ ዳይድ» ይላል። አንዳንዴ ሪስታርት ሲያደርግ ዲስኩን ጭራሽ አያገኘውም።

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ተይና አሁኑኑ ፋይሎችሽን አውጪ። ዲስኩን ማጣት ከጀመረ ኤስኤስዲው (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ) እየሞተ ሊሆን ይችላል። ኤስኤስዲ ደግሞ እንደ ድሮው ሃርድ ዲስክ ድምፅ አሰምቶ አያስጠነቅቅም። ፋይሎቹ ሳይወጡ የዲስክ ጥገና አታስጀምሪ፣ የደከመውን ዲስክ የባሰ ያደክመዋል። ከዚያ በኋላ የዲስኩን ጤንነት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም እዪው። ጤነኛ ከሆነ ብቻ ዲዝምና ኤስኤፍሲ በሚባሉት የዊንዶውስ የራሱ መጠገኛዎች የዊንዶውስን ፋይሎች መጠገን ይቻላል።

ጥያቄ፦ አሁን ጭራሽ አልነሳም ብሏል። ይነሳል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ እንደገና ይነሳል።

መልስ፦ ለመነሳት ሲሞክር ፓወር ቁልፉን ተጭነህ አጥፋው። ይሄንን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደጋግመው የጥገናው ገጽ ይመጣል። ከዚያ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ የሚነሳበት መንገድ) ግባና መጨረሻ ላይ የገባውን ድራይቨር ወይም አፕዴት አውጣ። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቅሃል። ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትህ ላይ ታገኘዋለህ።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የሚባለው የኮምፒውተር ደህንነት ድርጅት የላከው የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮችን በአንድ ቀን ሰማያዊ ሲያደርግ ብዙዎቹ የዳኑት በዚሁ መንገድ ነው። በሴፍ ሞድ ተገብቶ ያ ፋይል ተሰረዘ፣ በቃ። ስለዚህ አልነሳም ያለ ሁሉ ፎርማት ይደረግ አይባልም።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ፎርማት አድርጌው ተመልሶ መጣ።

መልስ፦ ልፋትህ ከንቱ አልሆነም። ንጹሕ ዊንዶውስ ላይ፣ ምንም ሳትጭን ከተመለሰ ሃርድዌር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የድሮዎቹን ፕሮግራሞችና ድራይቨሮች ሁሉ መልሰህ ጭነህ ከሆነ ግን ችግሩን አብረህ አስገብተኸው ሊሆን ይችላል። አንድ በአንድ ጫን። በእያንዳንዱ መሐል ሁለት ሦስት ቀን ጠብቅ፣ የጫንከውንም ከነቀኑ ወረቀት ላይ ጻፍ። አምስት ነገር በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ቢድንለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም።

ጥያቄ፦ ትናንት ስለ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» የጠየቅኩት ነኝ። ሜምቴስቱ ሁለተኛው ዙር ላይ ቀይ በቀይ ሆነ።

መልስ፦ እንኳን ሳትገዛ ፈተሽክ። አሁን ላፕቶፑን አጥፋ፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪውንም አላቀው። ራሞቹ ሁለት ከሆኑ አንዱን አውጣና በቀረው ብቻ እንደገና ፈትሽ። ከዚያ ተራ ቀይር፣ ሁለተኛውን እዚያው ቦታ ላይ አድርገህ ፈትሸው። ስህተቱ አንዱን ራም ብቻ ተከትሎ ከሄደ የምትቀይረው እሱን ነው። ሁለቱም እዚያ ቦታ ላይ ስህተት ካወጡ፣ በሌላው ቦታ ላይ ግን ንጹሕ ከሆኑ፣ ችግሩ ያለው መሰኪያው ላይ ነው። ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ሆኖ ካገኘኸው ምንም አትንካ፣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።